ሥራ ያለው ወንበር

ይህን የምንጽፈው ከውጊያ ጉዳት በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተቀጠርን ሰዎች ነን። መካከላችን እግሩን ያጣ፣ እጁን ያጣ፣ አንድ ጆሮው የተደፈነ አለ። የትኛው ግንባር፣ በየትኛው ቀን የሚለውን እንተወዋለን፤ ለቢሮ ሥራ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጠዋት 2:30 ገብቶ፣ ማታ 11:30 በራስ እግር ወጥቶ፣ በማግስቱም መመለስ እንዴት እንደሚቻል ነው።

መሥሪያ ቤት ለተጎዳ ሰው ሁለት ዓይነት ወንበር ይሰጣል። አንደኛው የይሉኝታ ወንበር ነው፦ ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ፣ መዝገብ የሌለበት፣ "ጀግናው፣ አንተ ዕረፍ፤ እኛ እንሠራዋለን" የሚባልበት። ደመወዝ ይመጣል፣ ባለጉዳይ አይመጣም። ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ያጣ ሰው ቁስሉን ያስባል፤ ህመሙም ያኔ ይብስበታል። ሁለተኛው ወረፋ ያለበት ወንበር ነው፤ የልደትና የሞት ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ ቅሬታ ሰሚ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ነው። ወረፋ ፊት ለመቀመጥ ግን ወኔ ብቻውን አይበቃም፤ ስምንት ሰዓት የሚችል ቆዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቆዳው እንነሣለን።

እግር ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ክፍል ለወራት ያብጣል። ቅርፅ የሚይዘው በላስቲክ ፋሻ ነው። ፋሻው በስምንት ቁጥር አኳኋን እየተሻገረ ይታሰራል፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ብቻ ከተጠመጠመ ማነቂያ ይሆንና ጫፉን አምፖል ያስመስለዋል፤ አምፖል የመሰለ እግር ደግሞ ሰው ሠራሹ ውስጥ አይገባም። በየአራት ሰዓቱ ፈትቶ እንደገና ማሰር ነው። ሌላው የቤት ውስጥ ስህተት ትራስ ነው። እናት አዝና ከጉልበት ሥር ትራስ ትጨምራለች፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይለምድና አልዘረጋ ይላል። እጥፋት የያዘ ጉልበት ወይም ዳሌ ላይ የተሠራ እግር ሰውን ቀጥ አድርጎ አያቆምም። መድኃኒቱ ነፃ ነው፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ20 ደቂቃ በደረት መተኛት። ሲቀመጡም የቀረውን እግር ከወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ አለመተው፤ ከሥሩ ሳንቃ ቢጤ አድርጎ ዘርግቶ ማስቀመጥ።

ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለብዙ ሰው ቀርቷል። እግሩ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አሠራሩን ያስፋፋው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ቀላል ነው፣ ዝናብ አይበላውም። እሳት ግን አይወድም፤ ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት። ልክ ለማየት ስትሄዱ አንድ ነገር አትርሱ፦ የቢሮ ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያው የእግሩን አቋቋም የሚያስተካክለው ባደረጋችሁት ጫማ ተረከዝ ቁመት ነው። በሸራ ጫማ ተለክቶ፣ ሥራ ሲጀመር ተረከዙ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር የሚበልጥ ጥቁር የቆዳ ጫማ የተገዛለት እግር ባለቤቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ በሳምንቱ ወገቡን ያመዋል። ሰው እግሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የተቀየረው ግን ጫማው ነው።

አዲስ እግር በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይለበስም። ይወለቅና ቆዳው ይታያል፤ ከታች በኩል ያለውን ለማየት ትንሽ መስታወት ያስፈልጋል። የቀላው ቦታ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ በማግስቱ ግማሽ ሰዓት ይጨመራል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ዳስሱት፤ ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ከቀላው እኩል ነው። ምልክቱ ካልጠፋ ወይም ከተላጠ እግሩ ይወልቅ፤ ወደ ባለሙያው ይኬድ። በዚህ ስሌት ስምንት ሰዓት ለመድረስ ያለ እንከን እንኳ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስዳል፤ ያለ እንከን የሚሄድለት ደግሞ ጥቂት ነው። እግሩን በተረከቡ በሳምንቱ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች በወሩ ቆስለው የሚቀሩት ለዚህ ነው። የሥራ መጀመሪያ ቀን ስትነጋገሩ ይህን ቆጥራችሁ ተነጋገሩ።

ልኩን ከቀን ወደ ቀን የሚያስተካክለው ካልሲው ነው። የቀረው እግር በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዳንዱ ላይ እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ እየከሳ ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጠዋት ሙሉ የነበረው ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል። ካልሲ ሲያንስ እግሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጫፉን ይመታል፣ ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለውን ይጫነዋል። ሲበዛ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ላይኛው ጠርዝ ያንቃል፣ እግሩም የረዘመ ይመስላል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አንድ ስስና አንድ ወፍራም ካልሲ ይኑር። ካልሲ በካልሲ ላይ መደራረብ ልማድ ከሆነ ግን የሰፋው ካልሲው ሳይሆን ሶኬቱ (የቀረው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ ጎድጓዳ ክፍል) ነው፤ ይቀየር። ካልሲው በየቀኑ ይታጠባል፣ በደንብ ተለቅልቆ ይደርቃል፤ የሳሙና ትርፍራፊ ከላብ ጋር ቆዳ ይበላል። የቀረውን እግር ራሱን ማታ እጠቡት እንጂ ጠዋት አትጠቡት። ጠዋት የራሰ ቆዳ ያብጣል፣ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ይላጣል።

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ለቁስል ሁለት አገር ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ሥር ናት፤ ብርዱ የተቆረጠ ነርቭ ይቀሰቅሳል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ጠላቱ ላብ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካልሲ መቀየር ግድ ነው። ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ሰዎች ሐረጎን በወረዱ ቁጥር ሁለቱንም ይቀበላሉ። ለሁለቱም ከተማ የሚበጀው አንድ ሰዓት ዓርብ ነው፤ ለጁምዓ ከ5:30 እስከ 7:30 ያለው ዕረፍት ለማይሰግደውም እግሩን አውልቆ ቆዳውን የሚያናፍስበት ነው። በቀሩት ቀናት ምሳ ላይ 20 ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ክራንች ጥቂት። ላይኛው ጫፉ ከብብት በታች ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፤ መያዣው እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ አንጓ ላይ ይድረስ፣ ክርን በትንሹ ይታጠፍ። ክብደት በመዳፍ እንጂ በብብት አይደለም፤ በብብት የሚንጠለጠል ሰው ነርቩ ተጭኖ እጁ ይደነዝዛል። መቋሚያም በዚሁ ምክንያት ለማኅሌት እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ ክራንቹና የተጎዳው ይቀድማሉ። የክራንች ጎማ ጥርሱ ካለቀ በክረምት የደሴ ኮብልስቶን ላይ ሳሙና ነው፤ ከመስከረም ይልቅ ሰኔ ላይ መቀየር ያዋጣል። ከሰኞ ገበያ ወይም ከሆጤ ቁልቁለት ወደ ቢሮ በእግር ልሂድ የሚል ሰው ጉልበቱን ጠዋት ጨርሶ ባለጉዳይ ፊት ይቀመጣል። ባጃጅ ያዙ። ጉራው ለቅዳሜ ይቆይ።

ወደ ቅጥሩ እንግባ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ ነው፤ ቅጂውን ከማመልከቻችሁ ጋር ይዛችሁ ግቡ፣ ብዙ የሰው ኃይል ባለሙያ ስሙን ሰምቶ ገጹን አላየውም። ሦስት ነገር ይሰጣችኋል። ለቦታው የሚጠየቀውን ችሎታ አሟልታችሁ ውጤታችሁ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ታገኛላችሁ። አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን የቦታና የመሣሪያ ማስተካከያ ማድረግ፣ ካስፈለገም ረዳት መመደብ አለበት። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላችሁ ስትከሱ ደግሞ የማስረጃው ሸክም እናንተ ላይ አይወድቅም። የማይሰጣችሁን ደግሞ እወቁት፦ ችሎታ የሌለውን በቁስሉ አይቀጥርም። ስለዚህ በማገገሚያው ወራት ኮምፒውተርና የመዝገብ አያያዝ ተማሩ፤ ያ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ሰነዶቹ የመሰናበቻ ደብዳቤ፣ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ናቸው። ከሁሉም ሦስት ሦስት ኮፒ፤ ዋናውን ለማንም አትተዉ። የቦርዱ ማስረጃ ላይ "ለሥራ ብቁ አይደለም" የሚል ጥቅል ሐረግ ካለ ሐኪሙ ምን ዓይነት ሥራ እንደማይቻል ነጥሎ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ "ረጅም ሰዓት መቆምና ከባድ ዕቃ ማንሣት አይችልም" የሚል ወረቀት በር ይከፍታል፣ ጥቅሉ ይዘጋል። የጉዳት ጡረታ ካላችሁ፣ ስትቀጠሩ ምን እንደሚሆን የቅጥር ውል ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱም በደብዳቤ ይሁን። በቃል የተባለ ነገር ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። በቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 የሙከራ ጊዜው 6 ወር ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተተካ የአሁኑን መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። የሙከራ ጊዜ ቁስል ተደብቆ የሚያልፍበት አይደለም፤ የሚያስፈልጋችሁን በመጀመሪያው ሳምንት በደብዳቤ አስገቡ።

ምን ይጠየቃል? ከሁሉ በፊት መጸዳጃ። ይህን ለመጠየቅ የማያፍር የለም፤ ባለመጠየቁ ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል፣ ኩላሊቱን የሚያሳምም ሰው ብዙ ነው። የቢሮው መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበርና ግድግዳ ላይ የተቦለተ የብረት መያዣ ይበቃል፤ ማንኛውም ብረት በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ቀጥሎ መግቢያው። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዛል። በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ተዳፋት ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። እያንዳንዱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 መንገድ። ብዙ ቦታ የሚፈስሰው ግን አንድ ሜትር ተኩል ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፤ ለፎቶ ያምራል፣ ዊልቸር ግን ወደ ኋላ ይገለብጣል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ እንዲደረግ ቆማችሁ አሳስቡ። ቦታ ከሌለ ተዳፋቱን ትታችሁ ምድር ቤት ያለ ክፍል ጠይቁ፤ ይቀላል፣ ለአረጋዊ ባለጉዳይም ይሆናል።

ወንበሩ ስትቀመጡ ሁለቱ ጭኖች እኩል የሚያርፉበት ከፍታ ይሁን። ከ45 ደቂቃ በላይ ሳትነሱ አትቀመጡ፤ ማህደር ማምጣቱን ለሌላ አትስጡ፣ መነሻ ሰበብ ነው። አንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው የሚሰማው ጆሮ ወደ ባለጉዳዩ እንዲሆን ጠረጴዛውን ያዙር። አንድ እጅ የቀረው ሰው ዊንዶውስ ላይ የሽፍት ቁልፍን በተከታታይ 5 ጊዜ ይጫን፤ ኮምፒውተሩ ይጠይቀዋል፣ ከተስማማ በኋላ ሽፍትን ይዞ መቆየት ሳያስፈልገው አንድ በአንድ መምታት ይችላል። በአማርኛ ጽሕፈት ሽፍት የሚፈልጉ ፊደላት ስለሚበዙ ይህ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ወረቀት የሚይዝ ከባድ ማስመሪያ ወይም የብረት ቁራጭ ደግሞ ለፊርማና ለማህተም።

አሁን ወደ ወረፋው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ። ይህ ለአብዛኛው ባለጉዳይ በቂ ነው። ከጦርነት በኋላ በዚህ ከተማ መስኮት ላይ የሚመጣው ከባዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ልጇ የጠፋባት እናት። ሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት የላትም፤ ያለ ወረቀቱ ደግሞ ውርሱም የልጅ ልጆቿም ጉዳይ አይንቀሳቀስም። እዚህ ላይ የተጎዳ ወታደር ከሌላው ሠራተኛ የሚሻልበትም የሚከፋበትም አለ።

የሚሻለው፣ የወታደር ሰነድ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ከጦር ክፍሉ የመጣ ደብዳቤ ካለ የቱ መርዶ፣ የቱ የ"አልተገኘም" መልስ እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። የሚከፋው፣ መናገር ያምረዋል። "እማማ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ" አትበሉ። ካላችሁ ጥያቄው ይመጣል፦ አየኸው ወይ? ማን ነበር? ባለጉዳይ ለምዝገባ መጥቶ ተስፋ ይዞ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ ሁለቱንም የመስጠት ሥልጣን የላችሁም። ልጁ በየትኛው ወገን እንደነበርም አይጠየቅም፤ ቅጹ ላይ የለም። የደንብ ልብስ፣ ሜዳይ፣ የክፍል ፎቶ ከጠረጴዛው ይነሣ። አንዳንዱ የተቆረጠ እጅ አይቶ ይቀርባል፣ አንዳንዱ ይሸሻል፤ ሁለቱም መብታቸው ነው።

ሞት በግምት አይመዘገብም። መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ "መቼ ሞተ?" ሳይሆን "ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተሰማ?" ነው። በስልክ ከሆነ ቀኑን፣ የሰማውን ሰው ስም በወረቀት ጻፉላት፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቃት እሱኑ ነው። "ሟች" የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ፤ "ልጅዎ" በሉ። ፍርድ ቤቱ የሚከፈትበትን ሰዓትና የሚያስፈልገውን ማመልከቻ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፤ ማንበብ ካልቻለች አብሯት ለመጣው አንብቡ። "አብሽሩ" ብሎ መሸኘት የወሎ ወግ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከአብሽር ይቀድማል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሁለት በተከታታይ ከመጣ ሦስተኛውን ባልደረባ ይቀበል። ይህን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ በሰዓቱ ለመጠየቅ አፍ ይያያዛል።

ድንጋጤም ይመጣል። የማህተም ምት፣ የበር መወርወር፣ የጭነት መኪና ጎማ ፍንዳታ፣ የሠርግ ተኩስ። ጀርባችሁን ለግድግዳ፣ ፊታችሁን ለበሩ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ በሩ ላይ ላስቲክ ቁራጭ ይለጠፍ፤ ከማህተሙ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ይነጠፍ። አንድ ባልደረባ ብቻ ይወቅ፤ መላው ቢሮ ካወቀ የይሉኝታው ወንበር ይመለሳል። የሌለ እግር ህመም (የተቆረጠው እግር እንዳለ ሆኖ ማመሙ) ማታ የሚነሣ ከሆነ ጤነኛውን እግር በመስታወት እያዩ በቀን 15 ደቂቃ ማንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይረዳል። ሐኪም ለዚህ ህመም አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ክኒን ካዘዘ ከመተኛታችሁ ጥቂት ሰዓት ቀደም አድርጎ ስለመውሰድ ጠይቁት፤ ዘግይቶ የተዋጠ ጠዋት ወረፋ ፊት ያስተኛል። ጸበልም ይሁን ዱአ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሁን። ጫትን ጀባ የሚላችሁ ወዳጅ አይጠፋም፤ ከሰዓት በኋላ የተቃመ ሌሊቱን ይወስዳል፣ ያልተኛ ሰው ደግሞ የሌለው እግር እስኪነጋ ያመዋል።

የመጀመሪያው ሶኬት ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ውስጥ፣ እግሩ ራሱ በየ3 እስከ 5 ዓመት መቀየሩ አይቀርም። ልክ፣ ሙከራና ልምምድ ቀናት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ የፈቃድ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። ሰኔ ላይ አትጠይቁ፣ በጀት መዝጊያ ነው፣ ማንም አይሰማችሁም፤ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አዲስ እግር አያለማምድም። ጥቅምትና ኅዳር ደረቅ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የመስኮቱን ቁልፍ፣ ማህተሙንና የመዝገቡን የመጨረሻ ተራ ቁጥር በፊርማ አስረክቡ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠብቁትን ባለጉዳዮች ዝርዝርም ለተተኪው ለብቻው ስጡት።